ግድግዳውን የለቀለቅሁት እኔ አይደለሁም

ባለፈው ዓመት የደም ግፊት ክኒኔን ልቀበል ጤና ጣቢያ ወረፋ ይዤ ተቀምጬ ሳለ፣ አንዲት ነጭ ጋዋን የለበሰች ልጅ ስለ ወባ ታስተምር ጀመር። ወረፋ የያዘ ሰው የትም አይሄድምና ትምህርቱን የሚሰጡን እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ እንዳለን ነው። ስለ አጎበር ተናገረች፤ የቆመ ውሃ ስለ ማፋሰስ ተናገረች፤ ቀጥላም እንዲህ አለች፦ «በደርግ ጊዜ በላስታ አንዲት ነፍሰ ጡር ነበረች። ቤቷ የወባ መድኃኒት ተረጭቶላት ሳለ ለበዓል ያምርልኝ ብላ ግድግዳውን በእበት ለቀለቀችው። ወባዋ ተመለሰባት፤ ልጇንም አጣች። እናቶቼ፣ ከዚህች ሴት ተማሩ።»

አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ከንፈሯን መጠጠች። «አይ ድንቁርና!» አለች።

ያቺ ሴት እኔ ነኝ። ግድግዳውን ግን አልለቀለቅሁም።

ይህን የምጽፈው ትኩሳት ቀን እየቆጠረ የሚመጣበት ሰው ደሙን ቶሎ እንዲያስመረምር ነው። ለዚያ ብቻ ነው ብል ግን ዋሸሁ። ጽሕፈት የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፤ ጥሩወርቅ «ፊደል ቆጥረሽ ዲያቆን ልትሆኚ ነው?» እያለች የሳቀችበት ትምህርት ነው። ጥሩወርቅ የባሌ የአያሌው ታላቅ እህት ናት። ባሏ ሞቶባት ግቢያችን ውስጥ ነበር የምትኖር። በሕይወቷ ሳለች አንቱ እያልኩ፣ ስትገባ ስነሣላት ኖሬያለሁ። እዚህ ግን እሷ እላታለሁ። ይህችን ታህል ለራሴ ፈቅጃለሁ።

መንደራችን ከብልባላ ወደ ተከዜ በሚወርደው በኩል፣ ደጋው አልቆ ቆላው ሳይጀምር ያለ ቦታ ነው። ላይኞቹ ቆለኞች ይሉናል፤ ታችኞቹ ደገኞች ይሉናል። እኛ ራሳችንን ደገኛ እናደርግ ነበር፤ ንዳድ አያውቀንምና። ንዳድ ዛሬ ወባ የሚባለው ነው። ቆላ የወረደ ይዞት ይመጣል፤ ያልወረደን አይነካም። ይህ ከአባቶቻችን የተቀበልነው እውቀት ነበር። አባቶቻችን ግን ኩሬ አልነበራቸውም።

ከትልቁ ድርቅ በኋላ፣ በእርዳታ ስንዴ እየተከፈለን፣ ከመንደሩ በታች ኩሬ ቆፈርን። እኔም ድንጋይ ተሸክሜያለሁ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ካሳ በዚያ ኩሬ እንደ ልጁ ነበር የሚኮራው። ከአውራጃ የመጣ እንግዳ ሁሉ ቁልቁለቱን ወርዶ ካላየው አይለቀውም። ኩሬው ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ አፉ የሞላው እኔ በታመምኩበት ዓመት ክረምት ነው።

በዚያው ክረምት፣ ሐምሌ ሲገባ፣ አያሌው ከአምስት የመንደሩ ወንዶች ጋር ቆቦ ወረደ፤ በቀን ሥራ ማሽላ ሊኮተኩት። ሲሄድ የወር አበባዬ ቀርቶብኝ ነበር። አልነገርኩትም። ስምንት ዓመት በትዳር ስኖር ሁለት ጊዜ ጨንግፎብኛል፤ ሁለቱንም ጊዜ ቀድሜ ለሰው አውርቼ ነው ያፈርኩት። በሦስተኛው አፌን ያዝኩ። ለቡሄ ሲመለስ ሆዴ መጉላት ጀምሮ ነበር። ደስ አለው፤ የንስሐ አባታችንን ጠርቶ አስባረከኝ። አብረውት ከተመለሱት ሁለቱ እየተንቀጠቀጡ ነበር የገቡት። ማንም አልደነገጠም። ቆላ ነበሩ፤ ቆላ የወረደ ይንቀጠቀጣል።

እኔ ከመስቀል ማግስት ጤፍ ውስጥ ሳርም ነው የጀመረኝ። መጀመሪያ ማዛጋት ነበር፤ ሥራ የሰለቸኝ መስሎኝ ተናደድኩ። ከዚያ ጀርባዬ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የተደፋብኝ ያህል ሆነ፤ ጥርሴ ይጋጭ ጀመር። ፀሐይ አናቴን እየመታችኝ ሁለት ጋቢ ደርቤ ተንቀጠቀጥኩ። ቀጥሎ ትኩሳቱ መጣ፤ ጋቢውን ወርውሬ መሬቱን አቀፍኩ። ከዚያ ላብ አጠመቀኝና ለቀቀኝ። ማታ ተነሥቼ ሽሮ ሠራሁ። በማግስቱ ምንም የለብኝም። በሦስተኛው ቀን፣ በዚያችው ሰዓት፣ ከብቶቹ ውሃ ሊጠጡ ሲወርዱ፣ ተመልሶ መጣ።

«ይኸ በሽታ ሰዓት ያውቃል እንዴ?» አለ አያሌው።

«ጨዋ ነው፤ ቀጠሮ ያከብራል» አልኩት። ያኔ ገና እቀልድ ነበር። ፍርሃቴን ግን አንድም ቀን አልቀለድኩበትም። ሲያንቀጠቅጠኝ ጉልበቴን አጥፌ ሆዴን በሁለት እጄ አቅፌ እይዘው ነበር፤ የሚወድቅ ይመስለኝ ነበር።

ጥሩወርቅ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አጠጣችኝ። ምች አልነበረም። ቀጥሎ ጠበል ወሰዱኝ፤ ሁለት ሳምንት ተጠመቅሁ። በጠበሉ አልፈርድም፤ ትኩሳቱ ሲይዘኝ ቅዝቃዜው ያሳርፈኝ ነበር። የምፈርደው «ነፍሰ ጡር ናት፣ ትብላ» ያሉትን ቄስ ገሸሽ አድርጋ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያስጾመችኝ ጥሩወርቅ ላይ ነው።

በጥቅምት መጀመሪያ በበቅሎ ጭነው ላሊበላ ክሊኒክ ወሰዱኝ። እዚያ የጠበቅነው ከጧት እስከ ቀትር ነው። የትኩሳት ቀኔ አልነበረምና ጤነኛ መስዬ ነው የገባሁት። በሽተኛ የሚያየው ድሬሰር ቀና ብሎም በቅጡ አላየኝ።

«ትኩሳቱ ሄዶ ይመለሳል?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ቆላ ወርደሻል?»

«አልወረድኩም።»

«እንግዲያው ግርሻ ነው። ከቅማል ነው የሚመጣው።»

«ቅማል የለብኝም» አልኩት።

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ጸጉሯን ላጯትና መርፌ ትወጋለች።»

ጥሩወርቅ ጭንቅላቴን በጉልበቶቿ መሀል ይዛ አስላጨችኝ። በአገራችን ሴት ጸጉሯን የምትላጨው ሰው ሲሞትባት ነው። ወደ ቤት ስንመለስ በመንገድ ያገኘን ሰው ሁሉ ከበቅሎዋ ሥር ቆሞ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይለኝ ነበር። አንድ ሽማግሌ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ማን ሞተባችሁ፣ ልጄ?» ሲሉ ጥሩወርቅ መለሰች።

«ቅማሏ!» አለችና እስከ ቁልቁለቱ ድረስ ሳቀች። አያሌውም ሳቀ። እኔ በቅሎዋ ላይ ሆኜ ሆዴን ይዣለሁ።

መርፌው አልሠራም። በጥቅምት መጨረሻ ራሴን ስቼ በቃሬዛ ተመለስኩ። በዚህኛው ጊዜ አንድ ሌላ ሰው፣ ደም የሚመረምር፣ ጣቴን ወግቶ ጠብታዋን በመስታወት ላይ አደረቀና በማጉያው አየው። ከዚያ ወጥቶ ቃሬዛዬ አጠገብ ቆመ።

«ወባ ነው። ቆላ መቼ ወረድሽ?»

«አልወረድኩም።»

«ሴትዮ፣ ደምሽ እኔ ዘንድ ነው ያለው፤ ደም አይዋሽም። ቆቦ ነው ወይስ ተከዜ?»

«አልወረድኩም አልኩዎት።»

ወደ ጥሩወርቅ ዞረና «በሽተኛ ከደበቀን እኛ ምን እናድርግ?» አላት። እሷ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ ብቻ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ገበያ ላይ የእህል ጆንያ እጇን ሰድዳ ስትፈትሽ የምታየው አስተያየት ነው።

ያ ሰው በእኔ ላይ የሠራውን አልረሳለትም። ክሎሮኩዊን የሚባለውን ክኒን የሰጠኝም እሱ ነው፤ ያንንም አልረሳም። ክኒኑ እንደ ሬት ይመራል። ሁለተኛውን ቀን ስውጥ ሰውነቴን በሙሉ ማሳከክ ያዘኝ፤ መዳፌን፣ የእግሬን ውስጥ፣ የራስ ቅሌን። ጥፍር አይደርስበትም፤ ከቆዳ በታች ነው የሚያሳክከው። ልተወው ቆርጬ ነበር። ብዙ ሰው በዚያ ምክንያት ትቶታል፤ የተዉትን የቀበርናቸው አሉ። ከጎኔ ሙጃ ከሚባል አገር የመጣች፣ ልጇን የምታስታምም ሴት ነበረች። ከስንቋ መሀል ደረቅ የበቆሎ ቆረቆንዳ አውጥታ እግሬን ታሸኝ ጀመር።

«ማሳከኩ መድኃኒቱ ነው፤ እንዳትተይው» አለችኝ። «ልጄም እንዲሁ ሲያለቅስ ሰንብቶ ነው ዛሬ እንጀራ የጠየቀኝ።»

ስሟን ሳልጠይቃት ሄደች። ክኒኑን ጨረስኩ። ቀጠሮው ደረሰ፤ ትኩሳቱ አልመጣም። በዚያው ሳምንት ልጁ ሆዴ ውስጥ ሲላወስ ተሰማኝ። ቃሬዛ ላይ ተጋድሜ ብቻዬን ሳቅሁ።

ቤት ስመለስ የምንጩ ዳር ዝም አለኝ። እንስራዬን ሳስቀምጥ ወሬ ይቋረጣል። ለካ ጥሩወርቅ ወር ስትቆጥር ሰንብታለች። አያሌው ቆቦ፣ እኔ ነፍሰ ጡር፣ በደሜ ውስጥ ደግሞ የቆላ በሽታ። አንድ ቀን ከኋላዬ ሳለች ሴቶቹ እየሰሙ እንዲህ አለች፦

«እሷስ እውነቷን ነው፣ ቆላ አልወረደችም። ቆላው ራሱ ወጥቶ መጥቶላት እንደሆነ እንጃ!»

ሳቁ። ከሳቁት ዛሬ በሕይወት ያሉ አሉ፤ ራሳቸውን ያውቃሉ።

አያሌው አልደበደበኝም፤ ያንን ይመሰክሩለታል። አንድ ጊዜ ብቻ «የት ነበርሽ?» አለኝ። «ለኩሬው ድንጋይ ስሸከም» አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጎዛውን ይዞ በሩ አጠገብ ያለው መደብ ላይ መተኛት ጀመረ።

ኅዳር ሲጋመስ ትኩሳት ያልገባበት ቤት ጠፋ። ሽማግሌ፣ ቄስ፣ ከማጀት ወጥታ የማታውቅ ሙሽራ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ሦስት ሕፃናት ቀበርን። እነሱን ግን ማንም «ቆላ መቼ ወረዳችሁ?» አላላቸውም።

ያ ደም መርማሪ ከአንድ መንደር ስንት ሰው እንደ መጣበት አይቶ ኖሮ ለወባ ማጥፊያ ሰዎች ጽፎላቸዋል። በጦርነቱ ምክንያት መንገዱ ተዘግቶ ነበርና በእግራቸው፣ የመርጫ ፓምፓቸውን በአህያ ጭነው መጡ። አለቃቸው ሰይድ ይባላል፤ የመርሳ በኩል ሰው፣ ቀጭን፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሣ። በየቤቱ እየገባ የሁሉንም ጣት ወጋ፤ ማን በየትኛው ቀን እንደ ታመመ ጻፈ። እኔ ዘንድ ሲደርስ ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀኝ።

«ውሃ የምትቀጂው ስንት ሰዓት ነው፣ እህቴ?»

«ሲመሽ። ፀሐዩን አልችለውም።»

«ከየት?»

«ምንጩ ወረፋ ሲሆን ከኩሬው።»

ሌላ አልጠየቀኝም። ረጅም እጀታ ያለው ነጭ ጭልፋ ይዞ ወደ ኩሬው ወረደ፤ እኛም ተከተልነው። ከዳር ዳሩ፣ ሣሩ ውሃ ከነካበት ጠለቀና «ኑ እስቲ እዩ» አለን። ጭልፋው ውስጥ ከክር የቀጠኑ ትሎች ውሃው ላይ ተጋድመዋል። ጥላችን ሲያርፍባቸው እየተፍጨረጨሩ ወደ ታች ሰመጡ።

«እኒህ ናቸው» አለ ሰይድ። «ክንፍ ሲያወጡ ቢንቢ ይሆናሉ። ቢንቢዋ ከቆቦ ታሞ የመጣውን ትነክሳለች፤ ቀን ቆጥራ ደግሞ ከቤቱ ያልወጣውን ትነክሳለች። በሽታው በሰው ደም ነው የመጣው። ቢንቢዋ ግን ወላሂ የዚሁ ኩሬ ልጅ ናት።»

ሊቀመንበር ካሳ ወደ ፊት ወጣ። «ጓድ፣ ይህ ኩሬ የሕዝብ ልማት ነው!»

«አፍርሱት አላልኩም ጓድ ሊቀመንበር። ለጊዜው ይፍሰስ።»

«የአውራጃው ጓዶች በጥር ሊጎበኙት ቀጠሮ ይዘዋል።»

«እንግዲያው የልጆቹንም መቃብር አብረው ይጎብኙ» አለው ሰይድ።

ኩሬው አልፈሰሰም። ካሳ የተቃጠለ ዘይት ዳር ዳሩን እንዲረጩ ብቻ ፈቀደ፤ ይህንንም የከብት ውሃ ነው ብሎ በሳምንቱ አስገፈፈው። ካሳ መንግሥት ሲለወጥ ታስሮ ተፈታ፤ የታሰረው ግን ለዚህ አልነበረም።

ሰይድ ወደ ቤታችን ሲመለስ ሰው ተሰብስቦ ሳለ «ይህች እህቴ ቆላ አልወረደችም። ወርዳ ከሆነም ውሃ ልትቀዳ ነው፣ እሱም እዚህ ታች» አለ። መከራዬን ሁሉ ሳያውቅ ነው የተናገረው፤ ለሥራው ብሎ ነው። ሁሉም መሬት መሬት አየ። ጥሩወርቅ «እኔ ድሮስ ክፉ ቃል መቼ ወጣኝ!» አለች። አያሌው በዚያው ቀን አጎዛውን ወደ ቦታው መለሰ። ይቅርታ ግን አላለኝም።

ከዚያ ዕቃችንን ሁሉ ሜዳ አውጥተን ቤቶቹ በዲዲቲ ተረጩ። ትኋኑ እየረገፈ ሲወድቅ ሴቶቹ እልል አሉ። ሲደርቅ ግን ግድግዳው ለምጽ የወጣበት መስሎ፣ ነጭ በነጭ ተዥጎርጉሮ ቀረ። ሰይድ አንድ ወረቀት ሰጠኝ፤ ከሴቶቹ ማንበብ የምችል እኔ ብቻ ነበርኩ። ጮክ ብዬ አነበብኩት። እስከ መጪው ክረምት ድረስ ግድግዳ መለቅለቅም ሆነ ማጠብ ክልክል ነው ይላል።

«ቢንቢ ደም ከጠጣች በኋላ ከብዷት ግድግዳ ላይ ታርፋለች» አለ ሰይድ። «መድኃኒቱ የሚገድላት እዚያ ነው። ከለቀለቃችሁበት መድኃኒቱን ቀበራችሁት።» ከዚያ ለእኔ ብቻ ዝቅ ብሎ «እህቴ፣ ይህ በሽታ ከተመለሰብሽ መጀመሪያ የሚወስደው የሆድሽን ነው። ግድግዳሽን ጠብቂ» አለኝ።

ጠበቅሁ። አንድ ወር ሙሉ እንደ ዓይን ብሌን ጠበቅሁት። ዶሮ እንኳ ሲታከክበት አባርር ነበር።

ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ልደት ደረሰ። መንደራችን ከዋግና ከትግራይ በእግሩ ወደ ላሊበላ የሚሄደው ምእመን የሚያልፍበት መንገድ ነው። እግሩ ተሰነጣጥቆ የመጣውን ተሳላሚ አጥቦ ማሳደር ደንባችን ነው፤ ለዚያም ከበዓሉ በፊት ሴቶች ተሰብስበው በየተራ ቤት ለቤት ይለቀልቃሉ፤ መጀመሪያ በእበት፣ ከዚያ በነጭ አፈር፤ ላዩ ላይ በጣት መስቀል ይሥላሉ። ያልተለቀለቀ ቤት እንግዳ የማይፈልግ ቤት ነው።

«ምእመኑን ለምጻም ግድግዳ ሥር ልታሳድሪው ነው?» አለችኝ ጥሩወርቅ።

«ወረቀቱ ክልክል ነው ይላል፣ እትዬ።»

«ወረቀት! ያመጣውስ እስላም አይደል? የልደትን ነገር እሱ ምን ያውቃል!»

ሰይድ በጾማችን እኛ ቤት ሲሰነብት ወተት እንኳ አምጡልኝ ያላለ ሰው ነው። ይህን ነገርኳት። እጇን አወናጭፋ ወጣች። ሌሎቹ ሴቶች ሁሉ ለቀለቁ። የኔ ቤት ብቻ ተዥጎርጉሮ ቀረ። አላፊ አግዳሚው ይጠቁመው ነበር። ግድ አልሰጠኝም።

ሰይድ በየወሩ ደምሽን አስመርምሪ ብሎኝ ነበርና በዓሉ ሳይገባ ላሊበላ ወጣሁ። ደሜ ንጹሕ ሆነ። ያ መርማሪ ራሱ «እንኳን ደስ አለሽ» አለኝ። ሁለት ቀን ዘመድ ቤት አርፌ፣ በደስታ መንገዱ ሳይታወቀኝ ተመለስኩ።

በሩን ስከፍት ቤቱ አበራብኝ። ግድግዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ ነጭ ሆኗል፤ ዙሪያውን መስቀል ተሥሎበታል። እርጥብ የእበት ሽታ ይሸታል። ጥሩወርቅ እስከ ክርኗ ጭቃ እንደ ሆነች መሀል ቆማለች፤ ወገቧን ይዛለች፤ ደክሟታል።

«ከነሆድሽ እንዴት ትለቀልቂያለሽ ብዬ እኮ ነው» አለች። «እንዳትደክሚብኝ፣ የኔ እናት።»

የኔ እናት። በስምንት ዓመት አንድ ቀን አላለችኝም። ከጀርባዬ በቅሎ ስትለኝ ነው የኖረችው፤ በቅሎ አይወልድም ለማለት። አሁን ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ያ ሁሉ ጭቃ ይቅርታዋ እንደ ሆነ ገባኝ፤ በአፏ ልትለው ያልቻለችውን በእጇ ለቅልቃው ነበር።

መጥረቢያ አንሥቼ ልፍቀው እችል ነበር። አያሌውን ብልባላ ልኬ ሰይድን አምጣው ልለው እችል ነበር፤ እዚያ ሲረጩ እንደ ነበር አውቃለሁ። አፌን ከፈትኩ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አልኳት።

ተቃቀፍን። ጀርባዬ ላይ የጭቃ እጇ ታትሞ ቀረ። በዕድሜዬ ቂም የጣልኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ተሳላሚዎቹ መጡ፤ እግራቸውን አጠብን፤ ቤቱን አደነቁ፤ መርቀውን ሄዱ። ጥሩወርቅ በእኔ ፊት እየዞረች «የወንድሜ ሚስት ቤት» ትል ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ታቦቱ ከገባ በሦስተኛው ቀን ማዛጋት ጀመረኝ። ቁጭ አልኩ። አወቅሁት። ብርዱ ሳይመጣ ገና፣ ግድግዳውን አየሁት።

በዚህኛው ጊዜ ቀን አልቆጠረም፤ በየቀኑ መጣ። ክኒኑ ከላሊበላ ሳይደርስ ምጥ ያዘኝ። ገና ሰባት ወር ተኩል ነበር። ሴት ልጅ ናት። ከጥቂት ሰዎች በቀር ይህን የሚያውቅ የለም፤ በትምህርቱም ላይ «ልጇን» ነው የሚሉት። ክንዷ የኔን አውራ ጣት አያህልም፤ ግን አለቀሰች፤ ሁላችንም ሰማናት።

«የሰባት ወር ልጅ ያድጋል» አለች ጥሩወርቅ፤ ደጋግማ፣ ለራሷ። ልጅቱን ጡቷ መሀል ከታ ታሞቃት ነበር።

አያሌው የንስሐ አባታችንን ሊጠራ ሮጠ። ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸውም ትኩሳቱ ገና ጉልበታቸውን አልለቀቀላቸውም። ዳገቱን እያለከለኩ መጡ። ካህን አራስ ቤት አይገባምና ደጅ ቆሙ። ጥሩወርቅ ልጄን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ደጅ ይዛት ወጣች። በተከፈተው በር የሳቸውን እጅና የውሃውን ኩባያ አየሁ። ወለተ ማርያም አሏት። ስም ይዛ ነው የሞተችው፣ ከቀትር በፊት። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ተቀበረች። አባታችን እንዲያ ባይደክሙልኝ ኖሮ ከአጥር ውጭ ነበረች። ከዚያ ሁሉ ወር ውስጥ ቅያሜ የሌለብኝ እሳቸውና የሙጃዋ ሴት ላይ ነው።

ለልጄ የምላጨው ጸጉር አልነበረኝም። ለቅማል ተላጭቶ ነበር።

ክኒኑ ደርሶ ዳንኩ። ሰው ከወባ ሲድን በመጀመሪያ የሚመለስለት ምራቁ ነው፤ ውሃ ይጣፍጠዋል። ውሃው ሲጣፍጠኝ አፍሬ አለቀስኩ። ጥሩወርቅ ግን ከአጠገቤ አልራቀችም፤ አጥሚት ታፈላለች፣ ገላዬን ታጥባለች። ስለ ግድግዳው አንድ ቃል አልወጣትም። እኔም አላነሣሁም።

በየካቲት ሰይድ ለዳግመኛ ቆጠራ መጣ። ገብቶ ሳይቀመጥ ግድግዳውን በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫር አደረገው። ነጩ አፈር ተፈረፈረ፤ ከሥሩ እበቱ ታየ። ወደ ሆዴ አየ፤ ከዚያ ዓይኑን መለሰ።

«ማነው የለቀለቀው?»

አያሌው በሩ ላይ ነበር። ጥሩወርቅ ጥግ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። እንዝርቷ ቆመ። አየችኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

ሰዎች ይህን ቢሰሙ ደግነት ይሉታል። ደግነት አልነበረም። ዕድል ሰጠኋት፤ በሩን ከፈትኩላት። «የለም፣ እኔ ነኝ» እስክትል ጠበቅኋት። ሰይድም ቆሞ ነበር፤ ጊዜ ነበራት።

እንዝርቱ መሾር ጀመረ።

«ወላሂ እህቴ፣ ነግሬሽ ነበር እኮ» አለ ሰይድ፤ ጻፈው። ከዚያ በኋላ በሄደበት መንደር ሁሉ ለማስተማሪያ ሳይናገረው አልቀረም፤ ስም አልጠቀሰም፤ ለበጎ ነው። ከአንዱ አፍ ወደ አንዱ ሲሻገር እነሆ ጤና ጣቢያ ወንበር ላይ ድረስ መጣልኝ። አያሌውም አምኖኝ ሞተ። አንድ ቀን ጠጥቶ «በገዛ እጅሽ» ብሎኛል። ከዚያ በኋላ ሁለት ወንዶች ወለድኩለት፤ ደጎች ናቸው፤ ሴት ልጅ ግን እግዜር አልሰጠኝም።

ለምታነቡት የምለው ይህን ነው። ትኩሳት ቀን ለይቶ ሲመጣባችሁ አገራችሁ ደጋ ነው ብላችሁ አትቀመጡ፤ ደማችሁን አሳዩ። ሐኪሙ የት ነበርሽ ቢላችሁ እውነቱን ንገሩ፤ አላምንም ቢላችሁም ደግማችሁ ንገሩ። ክኒኑ ቢያሳክካችሁ ለሐኪሙ ንገሩ እንጂ በራሳችሁ አታቋርጡት። የተረጨ ግድግዳ ይዥጎርጎር፤ እንግዳ ይጠየፈው። ለእናንተ ብሎ የሚለቀልቅ ቢመጣ በሩ ላይ መልሱት፤ የሚወዳችሁም ቢሆን። ይልቁንም የሚወዳችሁ ከሆነ።

ጥሩወርቅ ያረጀችው እኔው ዘንድ ነው። ልጅ አልነበራት፤ ሌላ ማን ይይዛታል? በመጨረሻዋ ሳምንት፣ አንድ ከሰዓት፣ ስትቃዥ ውላ ዓይኗ ጠራ። ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታ ነበርና ፊቷን ወደ እኔ መለሰች።

«ያን ጊዜ…» አለች። «ያ ግድግዳ…»

አቆመች። እጄ ላይ የውሃ ኩባያ ይዣለሁ። «ምን ሊሉኝ ነበር?» ብላት የምትጨርሰው ይመስለኛል፤ ከንፈሯ ገና ይንቀሳቀስ ነበር።

አልጠየቅኋትም። ኩባያውን አፏ ላይ አደረግሁላት፤ ጠጣችና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። በማግስቱ አረፈች።